ቀጭ

ከዚራ፣ ከኒም ዛፍ ጥላ፣ አንድ ወንበር አንድ መስታወት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቆምኩበት።
ፂም ስላጭ፣ ፀጉር ስቆርጥ፣ የሰው አንገት እንደ ሠፈሬ፣
መንገዱን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ አለማወቄን አወቅሁ ዛሬ።
ስጨርስ፣ አልኮሉን ቀብቼ፣ ፎጣውን አራግፌ፣
አገጩን በግራ ይዤ፣ ማጅራቱን በቀኝ ደግፌ፣
ድንገት ዞር ሳደርገው፦ ቀጭ!
ይህች ነበረች ዝናዬ፤ ሰው የሚመጣው ለእሷ እንጂ ለምላጭ?

ረምዚ መጣ ማክሰኞ፣ ፀሐይዋ ድሬን ስትጠብስ፤
ገና ሠላሳ ሁለቱ። ሰኞ ማታ ሳቢያን ሜዳ ኳስ በቴስታ ሲመልስ
አንገቱ ተይዞበት፣ "አቦ፣ አንዴ ቀጭ አርግልኝ" አለ።
አደረግሁለት። ከፈለ፤ ሳቀ፤ ባጃጁን አስነስቶ ቸኮለ።

ሐሙስ ተመልሶ መጣ። አልተቀመጠም፣ ቆመ ከበሩ፤
"በዚህ በግራ በኩል፣ ከጆሮዬ ስር፣ እንደ ጋለ ሽቦ ነው ነገሩ፤
እስከ ዓይኔ ይወጣል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አላየሁም በዕድሜዬ።"
በመስታወቱ አየሁት፤ አንዱ ዓይኑ በግማሽ ወርዷል፣ እንደ ሱቅ መዝጊያዬ፤
ብሌኑም ከጓደኛው አንሷል፣ የሰሊጥ ፍሬ።
አየሁ እኮ! አይቼ፣ "ምርቃና ነው" አልኩት፣ "ሂድ ተኛ፤ ደክሞሃል ዛሬ።"
ሳምቡሳ ሻጯ ዘይነባ፣ "ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽለት" አለች።
ሁላችንም ስም አላጣንም፤
ስሟን ያላወቅናት ግን ውስጥ ለውስጥ ትሠራለች።

ዓርብ ጠዋት፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ባጃጁ አጥሩን ታኮ ቆመ፤
ቀኝ እጁ መሪውን ለቀቀ፣ አፉም ወዳንድ ወገን ዘመመ።
ተሳፋሪዋ "ስንት ነው?" ስትለው የመለሰላት ቃል የለም፤
ድምፅስ ነበረ፤ ቃል ግን አልሆነም።
"ሰክሯል!" "ኧረ መርቅኖ ነው!"
"ስትሮክ ቢሆንስ?" "በዚህ ዕድሜ? አታሟርት፣ እሱ የሽማግሌ ነው!"

ወጣቷ ሐኪም ሂክማ ዕድሜውን አይታ አላለፈችው፤
"ከዚህ በፊት ምን ነካው?" አለች፣ "አንገቱንስ? መቼ አመመው?"
ዝም አለ ኮሪደሩ። እኔ፣ ፎጣዬ ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ እጄን አወጣሁ፣
እንደ ተማሪ። "ማክሰኞ… እኔ ነኝ" አልኩ፤ ድምፁን ከየት እንዳመጣሁ!

"ደም ሥር ገበር አለው" አለችኝ፣ "እንደ ኮት። ገበሩ ሲተረተር፣
ደም በጨርቁና በገበሩ መሃል ገብቶ ይረጋል፤ ጓሉ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲበር
እንዲህ ይሆናል። ያንተ እጅ ይሁን ኳሱ፣ ወይ አንዲት ሳል፣ መማል አልችልም፤
አንገቱና ዓይኑ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ይናገሩ ነበር፤ የሰማቸው የለም።"

አምስት ወር ሆነው። በግራ እጁ ሻይ ይጠጣል፤ ስሜን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፤
"አንተ… አንተ…" ይለኛል። ሲስቅ ነው የሚብሰኝ፣ ሆዴ ይላወሳል።
ደንበኛ አሁንም ይለምነኛል፤ "አንዴ ቀጭ፣ አቦ!" ይላል።
"አልነካም።" "ፈራህ እንዴ?" "አዎ።" አንዳንዱ ተቆጥቶ ሌላ ፀጉር ቤት ይሄዳል።

እኔ ግን ፎጣውን ከመዘርጋቴ በፊት በመስታወቱ አያለሁ፤
ቆቡ እኩል ነው? ብሌኑስ? "አንገትህን አሞሃል?" እላለሁ።
የሳቀብኝ ብዙ ነው። ሮብ ዕለት አንዲት ልጅ፣ ወንድሟን ልታስላጭ መጥታ፣
ማጅራቷን ይዛ ቆመች፤ "ድንገት ነው የጀመረኝ፣ ትናንት ማታ።"
ምላጩን አስቀመጥኩ። ወንድምየው ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ፣
ሦስታችን በባጃጅ ሄድን፣ ሱቄ ወለል ብሎ ተከፍቶ።
ምንም ላይሆን ይችላል። ይሁን፤ እሰይ፣ ምንም አይሁን።
መንገደኛው በግማሽ ፂሙ ሳቀ፤
እኔ ዓይኗን እያየሁ ነበር፣ ሁለቱን።